ገመዱ በማን ስም ይግባ?

ሞጣ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ሀብተ ሥላሴ፣
ብቸና

ጋሼ፣ ክረምቱን እንዴት ከረሙ? የእትዬ ወይንእሸት ጉልበትስ ከብርዱ ወዲህ እንዴት ሆነ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ድምፃችሁን ቶሎ ቶሎ አለመስማቴ ብቻ ነው የሚከፋኝ።

ትናንት ስደውል «በስልክ የተባለ ነገር ከመዝገብ ጋር አይያያዝም፤ የምትፈልጊውን ጻፊልኝ» ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩ። የሚኒባሱ ሹፌር የኔሰው በእጅዎ ያደርስልኛል፤ መልሱንም ለእሱ ይስጡልኝ።

እንደሚያውቁት እናቴ ካረፈች ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሞጣ ቤት ብቻዬን ነኝ። ባሕር ዳር ያለ አንድ አማካሪ ድርጅት የሕንፃ ፕላን እንድሠራለት ከቀጠረኝ ሰባት ወር ሆነኝ። ቢሮ አልሄድም፤ የእናቴን መኝታ ክፍል ቢሮ አድርጌ፣ ጠረጴዛዬን መስኮቱ ሥር አስጠግቼ እዚሁ እሠራለሁ። ፕላኑ የሚላከው በኢንተርኔት ነው፤ ስብሰባውም በኢንተርኔት ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እስካሁን የምሠራው በስልኬ ዳታ ነው። ቤታችን ደግሞ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ ግድግዳው ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግንብ ስለሆነ ኔትወርኩ ደጃፍ ደርሶ ይመለሳል። ትልቅ ፋይል የምልክ ቀን ላፕቶፔን ታቅፌ ወደ አጥሩ ጥግ እወጣለሁ። ባለፈው ሳምንት በአንድ ስብሰባ ሦስት ጊዜ ተቋረጥኩ። አለቃዬ መጨረሻ ላይ «ጸደንያ፣ ሥራሽን እወደዋለሁ። እስከ ኅዳር መጨረሻ አስተማማኝ መስመር ካላስገባሽ ግን ሌላ ሰው ለመፈለግ እገደዳለሁ» አለችኝ።

ቴሌ ሄጄ ስጠይቅ ባለገመድ መስመር ከምሰሶው እስከ ቤት ሊዘረጋልኝ እንደሚችል ነገሩኝ። ሠራተኛው «ቤቱ የማን ነው?» አለኝ። «የአጎቴ ነው» አልኩት። «እንግዲያው የይዞታ ካርታውን ኮፒና ባለቤቱ የፈቀደበትን ደብዳቤ አምጪ፤ የቀረው ቀላል ነው» አለኝ።

እናቴ በሕይወት ሳለች «የቤቱ ወረቀት ጋሼ ዘንድ ነው» ትለኝ ስለነበር የካርታውን ኮፒና አንድ ገጽ የፈቃድ ደብዳቤ እንዲልኩልኝ እለምንዎታለሁ። ወጪው የእኔ ነው። እትዬን ይሳሙልኝ።

የእህትዎ ልጅ ጸደንያ


ብቸና፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለጸደንያ፣
ሞጣ

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። የእህቴን የወለተ ኢየሱስን ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልን፤ አንቺንም ከክፉ ዓይንና ከክፉ መካሪ ይጠብቅሽ። ወይንእሸት ደህና ናት፤ ጉልበቷ እንዳለ ነው።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። «ኮፒ ብቻ ነው» ተብሎ የተወሰደ ካርታ በሁለተኛው ዓመት ከጠበቃ ጋር ተመልሶ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ወንድም ከወንድሙ፣ የእህት ልጅ ከአጎቷ ቆመው ሲካሰሱ መዝገቡን የማወጣላቸው እኔ ነበርኩ። አንቺን እንደዚያ ናት እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ካርታ ከእጄ አይወጣም።

ደግሞ ሰው ጠይቄ ተረድቻለሁ። ገመድ አልባ የሚባል አለ። ትንሽ ሳጥን ነው አሉ፤ ግድግዳ አይበሳም፣ ካርታ አይጠይቅም፣ ስትሄጂ ይዘሽው ትሄጃለሽ። ይህ እያለ ገመድ ለምን አስፈለገ? ገመድ የሚያስገባ ሰው ለመቀመጥ የቆረጠ ሰው ነው። አንቺ ገና ወጣት ነሽ፤ ነገ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መሄድሽ አይቀርም። ወይስ ያልነገርሽኝ አሳብ አለ?

ሌላም ልጠይቅሽ። ጎረቤትሽ ዘመነ ባለፈው ለለቅሶ ወደዚህ መጥቶ ነበር። ከአንድ እንግዳ ሰው ጋር ሆነሽ ቤቱን በሜትር ስትለኪ፣ ውስጡን ጨርሰሽ በውጭም በጓሮም ስትዞሪ ማየቱን ነገረኝ። ወረቀት ላይም ትጽፊ ነበር አለ። ሰው የሚኖርበትን ቤት ለምን ይለካል? ሰውየውስ ማን ነው? ለሁለቱም በጽሑፍ መልሺልኝ።

አጎትሽ ሀብተ ሥላሴ


ሞጣ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ስለ ምርቃትዎ አመሰግናለሁ። «ከክፉ መካሪ» ያሉት ግን ለማን እንደሆነ አልገባኝም፤ የሚመክረኝ ሰው የለኝም።

አዎ፣ ቤቱን ለክቻለሁ። አብሮኝ የነበረው ሰው ኢንተርኔት የሚዘረጋ ቴክኒሺያን ነው። የለካነው ሽቦው በየት እንደሚገባ፣ ዋይፋዩ ከየትኛው ክፍል እስከ የትኛው እንደሚደርስ ለማወቅ ነው። የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ሰባ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው ጋሼ። ሰውየው በእጁ መታ መታ አደረገውና «እመቤቴ፣ ይህንን የሠሩት ሰዎች ጥይት ፈርተው ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ውጩን የለካሁት ምሰሶው ሩቅ ስለሆነ ነው። ወረቀት ላይ የጻፍኩትም ይህንኑ ነው፤ ሥራዬ መለካትና መሣል ስለሆነ እጄ ለምዶታል። ዘመነ አጥር ላይ ሆኖ ሲያየኝ ጠርቼ ላስረዳው ነበር፤ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ ሄደ።

ስለ ገመድ አልባው የነገሩዎት እውነት ነው። ለመግዛትም ለመትከልም ቀላል ነው፤ ለቪዲዮ ለጨዋታ የሚያንስ አይደለም። ለእኔ ሥራ ግን የሚያስፈልገኝ ጠዋት እንደነበረው ከሰዓትም የሚሆን፣ ደመና ቢመጣ ግድግዳ ቢከልል የማይለወጥ መስመር ነው። ሰኞ ዕለት የአንድ ጤና ጣቢያ ፕላን እየላክሁ ሳለ መቶ በመቶ ሊሞላ ሁለት ብቻ ሲቀረው ተቋረጠ፤ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እንደገና ተቋረጠ። ባሕር ዳር ሆነው ለሚጠብቁኝ ሰዎች ይህ ሰበብ ነው የሚመስላቸው።

ካርታውን ከእጅዎ ማውጣት ካልፈለጉ እሺ፤ ይቅርብኝ። አንድ ገጽ የፈቃድ ደብዳቤ ይጻፉልኝና ቴሌ ያንን ብቻ ይቀበለኝ እንደሆነ ልሞክር። ስለ እኔ ወሬ የሚያመጣልዎት ሰው ሲኖርም አስቀድመው እኔኑ ይጠይቁኝ።

ጸደንያ


ብቸና፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለጸደንያ፣

ባለሽበት ጤናው አይለይሽ። መልስ የዘገየሁት መንገዱ ተዘግቶ ስለነበረ ነው፤ የኔሰውም አምስት ቀን አልተመላለሰም።

እነሆ የምትወጂውን ነገር ልኬልሻለሁ። በካርቶን ያለው ገመድ አልባ ራውተር ነው። ከደብረ ማርቆስ አስመጣሁልሽ፤ ሲም ካርዱም ውስጡ አለ፣ በእኔ ስም ወጥቷል። ዋጋውን አትጠይቂኝ፤ የእህቴ ልጅ አይደለሽ? ሶኬት ላይ ሰክተሽ መጠቀም ብቻ ነው። የትም ብትሄጂ ይዘሽው ሂጂ፤ የግልሽ ነው።

ከእሱ ጋር በፖስታ አንድ ወረቀት አለ። አንብበሽ ከሥሩ ፈርሚና በየኔሰው መልሰሽ ላኪልኝ። ለሥርዓት ያህል ነው። ጎረቤት ብዙ ያወራል፤ እኔም በጡረታ ጊዜዬ ነገሬን በወረቀት አስተካክዬ መቀመጥ እወዳለሁ። ይህንን ከፈረምሽ በኋላ ስለ ገመዱም ቢሆን እናስብበታለን።

ወይንእሸት ሰላም ብላሻለች።

አጎትሽ ሀብተ ሥላሴ


ሞጣ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎን እየተመኘሁ እጽፋለሁ። ራውተሩ በደህና ደረሰኝ፤ ደክመው ስላስመጡልኝ አመሰግናለሁ። ሲከፈት ግን ደስታዬ ብዙ አልቆየም። እናቴ ክፍል ውስጥ ሳስቀምጠው ጭራሽ አይዝም። ሳሎን ላይ ትንሽ ይሻላል። በመንገዱ በኩል ያለው መስኮት ላይ ሳወጣው ጠዋት ጥሩ ነው፤ ወደ ቀትር ሰው ሁሉ ሲከፍት ይደክማል። እዚያም ጠረጴዛ አዛውሬ ሦስት ቀን ሠራሁ። በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ላይ ሆኜ ድምፄ ጠፍቶ የራሴን ፊት ብቻ እያየሁ ቀረሁ።

ስለ ወረቀቱ። እንዲህ ይላል፦ «እኔ ጸደንያ በሞጣ ከተማ በሚገኘው የአጎቴ ቤት በእርሳቸው ፈቃድ ብቻ የምኖር መሆኔን፣ በቤቱ ላይ ከእናቴም ሆነ ከራሴ የመጣ ምንም መብት የሌለኝና ወደፊትም የማልጠይቅ መሆኔን በሙሉ ፈቃዴ አረጋግጣለሁ።» ጋሼ፣ የጠየቅሁዎት ሽቦ እንዲገባ ነበር። «ከእናቴም ሆነ» የሚለው ቃል እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል? መብት ከሌለኝ የለኝም፤ የሌለኝን ነገር ትቻለሁ ብዬ የምፈርመው ለምንድን ነው? አልፈረምኩም።

ሌላም ነገር አለ። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሁለት ሰዎች መጡ። ሳያንኳኩ ገብተው በጓሮ በኩል ሜትር ዘረጉ። ወጣሁና «እናንተ፣ ማን ልኳችሁ ነው?» አልኳቸው።

«ባለቤቱ» አለኝ አንደኛው።

«ለምን?»

«ገዢው የኋላውን ስፋት ማወቅ ይፈልጋል።»

ሁለተኛው በክርኑ ጎሸመው። «የትኛው ገዢ?» ብዬ ብጠይቅ «እኛ የተላክን ነን እህቴ» ብለው ሜትራቸውን ጠቅልለው ወጡ። ዘመነ በአጥሩ በኩል ቆሞ ያይ ነበር። የዚህን ጊዜ ግን ለማንም የሚያወራ አልመሰለኝም።

እርስዎ ቤቱን ለካሽ ብለው በጽሑፍ ጠየቁኝ፤ እኔም መለስኩ። አሁን ደግሞ እኔ በጽሑፍ እጠይቅዎታለሁ። እነዚያ ሰዎች ማን ናቸው? ገዢውስ ማን ነው?

ጸደንያ


ብቸና፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጸደንያ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። የላክኋቸው አናጢዎች ናቸው። ጣራው ስላረጀ ቆርቆሮ ስንት እንደሚፈጅ እንዲለኩ ብዬ ነው። ገዢ የሚባል የለም፤ ያልተባለውን ሰምተሻል።

ስትጠይቂኝ የምትጠቀሚበትን አነጋገር አልወደድሁትም። እናትሽ በሕይወቷ እንዲህ አድርጋ ጽፋልኝ አታውቅም። ወረቀቱን ፈርመሽ በዚህ ሳምንት ላኪ። እስካሁን ያለ ምንም ክፍያ የኖርሽበትን ቤት አስቢው።

ሀብተ ሥላሴ


ሞጣ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ሀብተ ሥላሴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ። መጀመሪያ የጻፍኩትን ቀድጄዋለሁ።

አናጢዎቹ ጣራ ለመለካት ጓሮ ለጓሮ ይሄዳሉ ብዬ ማመን አቃተኝ። ያም ሆኖ ማዘጋጃ ቤት የሄድኩት እርስዎን ልከስ ብዬ አልነበረም፤ የኅዳር መጨረሻ እየደረሰብኝ ስለነበር፣ የካርታ ኮፒ ከእነሱ ዘንድ የሚገኝ እንደሆነ ልጠይቅ ነው። መዝገብ ቤት ያለችው ማናለሽ የምትባል ሴት ናት። የቤቱን ቁጥር ስነግራት ፋይሉን አወጣችና «ለሌላ ሰው አናሳይም። አንቺ የባለቤቱ ምኑ ነሽ?» አለችኝ።

«የእህቱ ልጅ ነኝ።»

ገጹን ገለጠች። «እህቱ ስሟ ማን ነበር?»

«ወለተ ኢየሱስ። ሁለት ዓመቷ ነው ካረፈች።»

መታወቂያዬን ተቀብላ የእናቴን ስም ከፋይሉ ጋር አስተያየች። ከዚያ ፋይሉን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ አዞረችው። ጋሼ፣ ካርታው ላይ ሁለት ስም አለ። የእርስዎና የእናቴ። የእናቴ ስም በግልጽ ተጽፎ፣ ፎቶዋም ከጎኑ ተለጥፎ አለ። ያን የምትወደውን አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ ለብሳ የተነሣችው ፎቶ ነው። እዚያው ቁጭ አልኩ። ማናለሽ ውኃ አመጣችልኝ።

ከካርታው ኋላ የተያያዘ ማመልከቻ አለ፤ በእርስዎ የእጅ ጽሑፍ። ቀኑ ነሐሴ 12 ነው። ቤቱ በስምዎ ብቻ እንዲዞር ይጠይቃል። በኅዳጉ ላይ ደግሞ «የሟች ልጅ መብት እንደሌላት ያረጋገጠችበት ሰነድ ሲቀርብ ይታያል» ተብሎ ተጽፎበታል። ለሥርዓት ያህል ያሉኝ ወረቀት ይህ ነው።

ነሐሴ 12። እኔ ስለ ገመድ ቃል የተነፈስኩት በጥቅምት ነው። «ያልነገርሽኝ አሳብ አለ?» ብለው ሲጽፉልኝ እርስዎ ሁለት ወር ቀድመውኝ አስበው ነበር። ስለ ሜትሩ የጠየቁኝ፣ ሳጥን የገዙልኝ፣ «የትም ብትሄጂ ይዘሽው ሂጂ» ያሉኝ ሁሉ አሁን ነው የገባኝ።

አለቃዬ ኅዳር 30 ቀን ደወለችልኝ። «ብዙ ጠበቅንሽ» አለች። ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ትንንሽ ሥራ ሲኖር እንደሚልኩልኝ ነግራኛለች።

የወራሽነት ማረጋገጫ እንዲሰጠኝ ለፍርድ ቤት አመልክቻለሁ። ለዚህ የእርስዎ ፊርማ አያስፈልገኝም። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ለምን እንደሆነ ይንገሩኝ።

የወለተ ኢየሱስ ልጅ ጸደንያ


ብቸና፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለጸደንያ፣

ልጄ ብዬ ለመጻፍ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አንሥቼ አስቀምጫለሁ። እግዚአብሔር ከእኔም ይጠብቅሽ።

ደብዳቤሽን ወይንእሸት አነበበችው። እኔ አልሰጠኋትም፤ ኮቴን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ አገኘችው። ምሳ አቅርባልኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና «የእህትህን ልጅ ደብዳቤ አነበብኩ» አለች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ወረቀትና ብዕር አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። እስከ ዛሬ ድረስ እዚያው ነበር።

ለምን ብለሽ ጠይቀሻል። እነግርሻለሁ።

እኔ ብቸና ውስጥ ቤት የለኝም። ሞጣ ያለው ሰው ሁሉ «ሀብተ ሥላሴ ብቸና ላይ ቤት ሠርቷል» ይላል፤ እኔም አንድ ቀን አላረምኩትም። እናትሽም እንደዚያው ታምን ነበር። የምንኖረው በኪራይ ነው፤ ከመጣን ጀምሮ አራት ቤት ቀይረናል። የሰውን ሁሉ ካርታ ስቀበል፣ ስመዘግብ፣ ስመልስ ኖሬ፣ የራሴን አንድ ቀን መዝግቤ አላውቅም። በሰው ግድግዳ ላይ ሚስማር ለመምታት እያስፈቀድኩ ነው ያረጀሁት። ባለፈው ሐምሌ አከራያችን መጣና «ልጄ ከነቤተሰቡ ሊገባ ነውና እስከ የካቲት ልቀቁልኝ» አለ። ወይንእሸት በዚያ ጉልበቷ የት ትግባ? የሞጣውን ሸጬ እዚህ አንድ ክፍልም ቢሆን ልግዛ ብዬ አሰብኩ።

እህቴ ብትኖር እነግራት ነበር። አንቺን መንገር ግን አቃተኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያየሁት ክስ ነው። የእህት ልጅ መብቷን ካወቀች ትከሳለች፣ ከከሰሰች ቤቱ ዓመት ሁለት ዓመት ይታገዳል፣ እኛም ጎዳና ላይ ነን ብዬ ቀድሜ አንቺን ጠረጠርኩሽ። አሳብሽን ሳላውቅ ከሳሽ አድርጌ አየሁሽ። «ገመድ ላስገባ ነው» ስትይ ጨርሼ ደነገጥኩ፤ ከዚህ በኋላ አትለቅም፣ ወረቀትም ማገላበጥ ትጀምራለች አልኩ። የፈራሁትን ሁሉ ያደረግሁት ግን እኔው ነኝ።

አናጢ ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸት ነው። ገዢው እዚያው ሞጣ ያለ ነጋዴ ነው፤ ዘመነ ነው ያገናኘን።

ሥራሽን ስላሳጣሁሽ የምለው የለኝም። ብጽፈውም ቃል ብቻ ነው። ብትከሺኝ አልከራከርሽም።

አጎትሽ ሀብተ ሥላሴ


ሞጣ፣ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

ደብዳቤዎ በገና ዋዜማ ደረሰኝ። በዓሉን ሳልመልስልዎት ያሳለፍኩት ሆን ብዬ ነው። ጥምቀትንም እንደዚያው። እትዬ ወይንእሸት ግን በበዓሉ ሲደውሉ አነሣሁላቸው፤ ስለ እርስዎ አላወሩም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ስለ ጉልበታቸው አወራን።

የወራሽነት ማረጋገጫው ወጥቶልኛል። እሱንና ማናለሽ ማኅተም አድርጋ የሰጠችኝን የካርታ ኮፒ ይዤ ቴሌ ሄድኩ። ያው ሠራተኛ ነበር። ወረቀቶቹን አገላብጦ «ያኔ ቤቱ የአጎቴ ነው ብለሽኝ አልነበረም?» አለኝ።

«እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ» አልኩት።

«እሺ፣ አሁን በማን ስም ይግባ?»

«በእኔ» አልኩት። ሙሉ ስሜን እንድደግምለት ጠየቀኝ፤ ደገምኩለት። ትናንት ሠራተኞቹ መጥተው ከምሰሶው እስከ ቤት ስበው፣ በመስኮቱ ጥግ በስተው አስገቡልኝ። ዛሬ ጠዋት የአንድ ትምህርት ቤት ፕላን ልኬያለሁ። እስክዞር ድረስ ሄዶ አለቀ። የምሠራው ግን እንደ በፊቱ በደመወዝ አይደለም፤ ሲያገኙ ይልኩልኛል፣ ሳያገኙ ቁጭ ነው። ይህን እርስዎም ይወቁት።

አሁን ስለ ቤቱ። የእኔ ግማሽ አይሸጥም። የእርስዎን መሸጥ መብትዎ ነው፤ ነገር ግን ነጋዴው ግማሽ ቤት እንደማይገዛ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ቤቱን ለሁለት የሚከፍል ፕላን ሠራሁ። በመንገዱ በኩል ያሉት ሁለት ክፍሎች የእናንተ ይሆናሉ፤ ደረጃ የላቸውም፣ ለእትዬም ይመቻሉ። በጓሮ በኩል ያሉት የእኔ ናቸው። መሃል ያለው በር ይደፈናል። እያንዳንዳችን የየራሳችን መግቢያና የየራሳችን ቁልፍ ይኖረናል። ከመግባትዎ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄደን ማናለሽ ፊት እንፈርማለን፤ የነሐሴውንም ማመልከቻ እዚያው ያነሣሉ። እዚህ ላይ በቃልዎ አላምንዎትም፤ እንዳይከፋዎት።

እትዬ ወይንእሸት ጎዳና አይወጡም። ይህን ያደረግሁት ለእርሳቸውና ለእናቴ ስል ነው። ይቅር ብያለሁ ብዬ ግን አልጽፍልዎትም፤ ገና ነኝ። ክፍሎቹን አስጠርጌያቸዋለሁ፤ የምትመጡበትን ቀን ጻፉልኝ።

ጸደንያ


ብቸና፣ ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጸደንያ፣

ጤናሽን እግዚአብሔር ይጠብቅ። ያልሽውን ሁሉ ተቀብያለሁ። ነጋዴውን ትናንት ወደዚህ ሲመጣ በፊቱ «የማይሸጥ ቤት ነው» ብዬ አሰናብቼዋለሁ። ጥር 29 ቀን ጠዋት በየኔሰው መኪና እንነሣለን፤ ዕቃችን ብዙ አይደለም። ዋናውን ካርታ በእጄ ይዤ መጥቼ፣ ወደ ቤት ሳልገባ አስቀድሜ ማዘጋጃ ቤት እጠብቅሻለሁ።

ስደርስ አላናግርዎትም ብትይኝ እቀበላለሁ፤ አልለምንሽም። ወይንእሸትን ግን አናግሪያት። ያን ወረቀት ልኬልሽ ሳለሁ «የሞጣው ቤት የአንተ ብቻ ነው ወይ?» ብላ አንድ ጊዜ ጠይቃኝ ነበር። አዎ ብዬ ዋሸኋት። እስከ ዛሬ ድረስ እንጀራዬን አቅርባ ሌላ ክፍል ሄዳ ነው የምትበላው።

ሀብተ ሥላሴ